ልጁ አንብቧል፤ ገብቶታል ወይ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ምድሩ ይንጫጫል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ከዚያ ጣት መቀሳሰሩ ይጀመራል። ኩረጃው ነው፣ መምህሩ ነው፣ ስልኩ ነው፣ ጦርነቱ ነው። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው ነገሩ። እነዚያ ተፈታኞች ከብዙ ዓመት በፊት አንደኛ ክፍል ነበሩ። ፊደል ቆጥረዋል፣ ከሰሌዳ ላይ አንብበዋል፣ ተጨብጭቦላቸው ወደ ሁለተኛ ክፍል አልፈዋል። ያነበቡት ነገር ገብቷቸው ነበር ወይ ብሎ የጠየቃቸው ግን እምብዛም ነው።

በፈረንጆቹ 2010 ትምህርት ሚኒስቴር ከአሜሪካው የልማት ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ጋር ሆኖ በ6 ቋንቋዎች ያካሄደው የንባብ ምዘና አለ። ከ13 ሺህ በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ አጭር ታሪክ እንዲያነቡ ተደረገ። ከዚያ ስላነበቡት ተጠየቁ። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 ከመቶው ከታሪኩ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንድም ጥያቄ ያልመለሱት ግን 48 ከመቶ ናቸው። ሦስተኛ ክፍል ላይ ቁጥሮቹ 20 እና 30 ሆኑ። የሁለቱን ቁጥሮች ክፍተት ልብ በሉልኝ። በመካከል ያሉት ልጆች ጥቂትም ቢሆን አንብበዋል። ከንባባቸው ግን የያዙት ነገር የለም። የዓለም ባንክም ከዓመታት በኋላ በኢትዮጵያ ከ10 ዓመት ልጆች 90 ከመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገልጿል። ትምህርት ቤት ያልገቡትም በዚህ ቁጥር ውስጥ ይቆጠራሉ። ቢሆንም ያስደነግጣል።

ክፍሉ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

አብዛኞቻችን ስላለፍንበት ክፍሉን ለመሳል አንቸገርም። መምህሯ ሰሌዳ ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። በእንጨት እየጠቆመች ታነባለች፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይከተላታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ከዚያ "ማን ይወጣል?" ስትል እጅ በእጅ ይሆናል። የወጣው ልጅ እንጨቱን ይዞ ቀጥ አድርጎ ይወጣዋል። ጭብጨባ!

አሁን እንጨቱን ተቀብላችሁ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር መካከል ያለ አንድ ቃል ላይ አስቀምጡና "ይሄ ምን ይላል?" በሉት። ብዙ ጊዜ ልጁ ዓይኑን ወደ መጀመሪያው መስመር ይመልሳል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፣ ቃሉ ላይ ሲደርስ ይነግራችኋል። አንዳንዱ ጭራሽ መጽሐፉን ዘቅዝቃችሁ ብትሰጡትም ያነብላችኋል። ልጁ አያጭበረብርም። ጎበዝ ጆሮ አለው፤ የተጠየቀውን አድርጓል። የተጠየቀው መድገም ነበር።

ገባው ወይ ወደሚለው ስንመጣ የበለጠ ጉድ አለ። "አበበ በሶ በላ። ጫላ ጩቤ ጨበጠ።" ያላለ አማርኛ አንባቢ የለም ማለት ይቻላል። ስንት ትውልድ ነው በዚህ ያለፈው! ግን ጫላ ጩቤውን ለምን ጨበጠ? ሊያርድ ነው? ሊጣላ ነው? የአበበ በሶ አስቀንቶት ነው? ማናችንም አልጠየቅንም፤ ማንም አልጠየቀንም። ጥያቄው ሁልጊዜ "ጫላ ምን ጨበጠ?" ነው። መልሱም "ጩቤ"።

እንዲህ ያለው ጥያቄ መረዳትን እንደማይለካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ። "ፍርጎው ቀለጦውን በመርሸት ጠረመለው።" ምንም ትርጉም የለውም፤ አሁን የፈጠርኩት ነው። እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ማን ጠረመለው? ፍርጎው። ምኑን? ቀለጦውን። በምን? በመርሸት። ሦስት ከሦስት አገኛችሁ። ስለምን እንደተወራ ግን አታውቁም። የአንደኛ ክፍል የአንብቦ መረዳት ጥያቄ ብዙው ከዚህ አይዘልም። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ይፈልጋል፣ ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ያገኛል፣ ጎኑ ያለውን ይጽፋል፣ ራይት ይደረግለታል። ካርዱ ላይም አማርኛ 95 ይላል።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ከተባለ ሥሩ ረጅም ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ያልፋል፣ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው ግእዝ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ አይደለም። ትርጓሜው የሚመጣው ዓመታት ቆይቶ፣ እሱም መጻሕፍት ቤት ለገባው ብቻ ነው። ይህ ለራሱ ዓላማ የተበጀ ሥርዓት ነበር። ጸሎት ማድረስና ቅዳሴ መቀደስ የሚችል ሰው አፍርቷል፤ አንድምታን የመሰለ የትርጓሜ ጥበብም ያወጣው ይኸው ቤት ነው። ችግሩ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ግማሽ ወስዶ ሁለተኛውን መተዉ ላይ ነው። "መጀመሪያ ያንብብ፣ መረዳቱ ሲያድግ ይመጣል" የሚለው እምነት ዛሬም አለ። ለሰባት ዓመት ልጅ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ነገር ስንሰጠው ግን ትርጉሙን የምናዘገይበት ምንም ምክንያት የለም።

መደመር ሳይሆን ማባዛት

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀላል ሐሳብ አለ። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው አሉ። አንደኛው ፊደሉን ወደ ድምፅ መለወጥ መቻል ነው። ሁለተኛው ያንኑ ነገር በጆሮ ቢሰማው ኖሮ መረዳት መቻል ነው። ቁም ነገሩ ምልክቱ ላይ ነው። ድምር ቢሆን ኖሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍን ነበር። ብዜት ስለሆነ ግን አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው።

ሁለቱንም ዓይነት ልጆች እናውቃቸዋለን። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖር የዘመዳችሁን ልጅ አስቧት። እናቷ በአማርኛ ስትቆጣት አሳምራ ይገባታል፤ ፊደል ግን አታውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በወር ስንት ሺህ ብር የሚከፈልበት ትምህርት ቤት የሚማር የአንደኛ ክፍል ልጅ አለ። የእንግሊዝኛ መጽሐፉን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ወላጅ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ አንብብላቸው" ይላል። አንብቦ ሲጨርስ "ምን ይላል ታዲያ?" ብትሉት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንዷ ጆሮ አላት፣ ፊደል የላትም። አንዱ ፊደል አለው፣ ጆሮ የለውም። ሁለቱም ጋ መጽሐፉ ዝም ብሏል። እኛ የምናጨበጭበው ግን ለሁለተኛው ነው።

ከዚህ ተነስቶ ፊደል ማስጠናቱን እርግፍ አድርገን እንተው የሚል ካለ አልስማማም። የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት በ7 ረድፍ፣ 231 ቅርጽ ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። እያንዳንዱን ፊደል እያሰበ የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ስለዚህ ፊደሉ እስኪፈጥን መለማመድ አለበት፤ ቀልድ የለም። የምለው ጆሮውም በዚያው ሰሞን ይሠልጥን ነው። ፊደሉ እስኪያልቅ አይጠበቅም።

አማርኛ ራሱ ለዚህ ያስገድዳል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። "ዶሮው ይበላል" ብላችሁ ጻፉ። ካላላነው ዶሮው ጥሬውን እየለቀመ ነው። ካጠበቅነው ዶሮው ወጥ ሆኗል። ፊደሉ አንድ ነው፤ የዶሮው ዕድል ግን ሌላ። ልጁ በትክክል ለማንበብ ከላይ ስለ ዶሮው ምን እንደተባለ መያዝ አለበት። ፊደሉን ብቻ ይዞ ጮክ ብሎ እንኳን ማንበብ አይችልም ማለት ነው።

ሌላም አለ። በአማርኛ ባለቤቱም ተቀባዩም ግሱ ውስጥ ይገባሉ። "ሐና አስቴርን ጠራቻት። አልሰማቻትም። ተናደደች።" ማን ናት ያልሰማችው? ማን ናት የተናደደችው? ለእኛ ቀላል ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰው ተቀያይሯል፤ ስማቸውም ተመልሶ አልተጠራም። ሁለት ልጆች አስነስታችሁ "አንቺ ሐና፣ አንቺ አስቴር" ብላችሁ ብታስተውኗቸው በግማሽ ደቂቃ ይፈታል። ሰሌዳ ላይ ሰዋስው ብታብራሩላቸው ሳምንትም አይበቃም።

አንድ ተረት፣ አንድ ሳምንት

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ይህችን አጭር ታሪክ እንያዝ።

ማርታ ድመቷን ፈለገቻት።
አልጋ ሥር የለችም።
ጓሮም የለችም።
እማማ ወተት ቀዱ።
ድመቷ ከጣሪያ ዘላ ወረደች።

መምህሯ ሰኞ ዕለት መጽሐፉን አትከፍትም። "ቤቱ ድመት ያለ ማነው? ስትጠፋ የት የት ትፈልጓታላችሁ?" ትላለች። ማድቤት፣ ጎረቤት፣ ቁምሳጥን ውስጥ፣ እህል ማስቀመጫው ጋ። አንዱ "የኛ ድመት መኪና ገጫት" ይላል፤ ክፍሉ ያዝናል። ይህ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ይኖራል። ግን ልጆቹ ታሪኩን የሚያኖሩበትን ቦታ እያሰናዱ ነው።

ከዚያ ታነብላቸዋለች። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀጥ። "የት ያለች ይመስላችኋል? ጎናችሁ ላለው ልጅ ንገሩት።" ይህቺ "ለጎናችሁ ንገሩ" የምትባል ነገር 60 ልጅ ለታጨቀበት ክፍል ትልቅ መላ ናት። እጅ አውጡ ቢባል አንድ ልጅ ይናገራል፤ 59ኙ ይቀመጣል። ጥንድ ጥንድ ከተባለ ግን 30 አፍ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ይንጫጫሉ፤ ይንጫጩ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብሎ "ምንድን ነው ይሄ?" ካለ እሱንም ማስረዳት ነው እንግዲህ።

ታሪኩ ካለቀ በኋላ ጥያቄ ይመጣል። "እማማ ምን ቀዱ?" ብሎ መጀመር ነውር የለውም፤ ማሟሟቂያ ነው። ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ማርታ ስትፈልጋት ድመቷ የት ነበረች? ለምንስ ወረደች? ታሪኩ "ድመቷ ጣሪያ ላይ ነበረች" አይልም። "ወተት ስላየች ወረደች" አይልም። ልጁ አራተኛውንና አምስተኛውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ማገናኘት አለበት። አንብቦ መረዳት የሚባለው ያ ማገናኘት ነው።

እዚህ ላይ የሚመጡት የተሳሳቱ መልሶች ናቸው ወርቆቹ። አንድ ልጅ ተነስቶ "እማማ ጠርተዋት ነው የወረደችው" ይላል። የተለመደው ምላሽ "ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል። ሌላ?" ነው። የተሻለው ምላሽ "ከየት አወቅህ?" ነው። ወቀሳ በሌለበት ድምፅ። ልጁ ወደ ታሪኩ ይመለሳል። እማማ ጠሩ የሚል የለም። "ወተት ቀዱ ነው የሚለው፣ ቲቸር" ይላል። ምናልባትም "ሲቀዱ ድምፁን ሰምታ ይሆናል" ብሎ ያስተካክላል። በዚህች ደቂቃ ልጁ ታሪኩ ውስጥ ያለውንና ከራሱ ያመጣውን ለየ። ትክክለኛ መልስ የሰጠውንም "ከየት አወቅህ?" ማለት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ልጆች ጥያቄውን ሲሰሙ ተሳሳትኩ ብለው ይደነግጣሉ።

ማክሰኞና ረቡዕ ጨዋታ ነው። አንዷ ማርታ ናት፣ አንዷ እማማ፣ አንዱ ድመት። ማርታ የሆነችው ልጅ አግዳሚው ሥር አጎንብሳ ካየች "ሥር" የሚለው ገብቷታል። አግዳሚው ላይ ካየች አልገባትም፤ ፈተና ሳታወጡ አወቃችሁ። ወረቀት ካለ አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች በሥዕል ያወጣሉ፤ ከሌለ ግቢው መሬት ላይ በጠመኔ ወይም በእንጨት። ሥዕሎቹ ተደበላልቀው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ከዚያ መልሶ መተረክ ይመጣል። ልጁ መጽሐፉን ሳያይ፣ በራሱ አነጋገር፣ ላልነበረ ልጅ ይነግራል። እዚህ ላይ ቃል በቃል መድገም አይፈለግም። እንዲያውም "ያቺ ድመት ለካ እላይ ሆና ታያቸው ነበር" ያለ ልጅ በጣም ገብቶታል።

ሐሙስ ላይ ነው ልጆቹ ራሳቸው የሚያነቡት። "እንዲህ ከሆነማ በቃላቸው ይዘውታል፤ አያነቡትም" የሚል መምህር ይኖራል፤ ልክ ነው። ለዚህም መላ አለ። መምህሯ ዓረፍተ ነገሮቹን አደባልቃ ትጽፋለች፣ አንዱ ላይ ቃል ትቀይራለች። "ድመቷ ከአልጋ ዘላ ወረደች።" ማን ይይዛታል? ልጆች ትልቅ ሰው ሲሳሳት መያዝ ነፍሳቸው ነው። ስህተቷን ለመያዝ ግን እያንዳንዱን ቃል በዓይን መብላትም፣ ትርጉሙን ማስታወስም ግድ ይላል። ሁለቱ የጎፍና የተንመር ነገሮች በአንድ ጨዋታ ተሠሩ።

ዓርብ የምትቀረው አንድ ጥያቄ ናት። እማማ ወተት ባይቀዱስ ኖሮ?

"ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?"

እዚህች ላይ ትንሽ ልናገር። ተረት ተነግሮ ባለቀ ቁጥር ይህን ጥያቄ የምንወረውረው ነገር አለን። ልጆቹም መልሱን ታሪኩን ሳይሰሙ ያውቁታል። "ክፉ ሥራ መጥፎ ነው።" "ወላጅን መታዘዝ ጥሩ ነው።" አያ ጅቦ ለምን እንደተታለለ፣ እመት ጦጢት ምን አስባ እንደዚያ እንዳለች ማንም አያወራም። ምክሩ ላይ ለመድረስ ታሪኩ ይዘለላል። እኔን ብትጠይቁኝ ይህ ጥያቄ ለአንድ ዓመት እረፍት ይውጣ። በምትኩ "ጅቡ በዚያ ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? ያላወቀውስ ምን ነበር?" ይባል። ምክሩ የት ይሄዳል፤ ለገባው ልጅ ራሱ ይመጣለታል።

ተረትን ለትምህርት ማዋል ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕውቀት አይደለም። "ተረት ተረት" ሲባል "የመሠረት" ብሎ መመለስ ያልለመደ ልጅ ብዙ አልነበረም። አባባ ተስፋዬ ለ40 ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ድምፃቸውን እየለዋወጡ፣ ፊታቸውን እየቀያየሩ ሲተርኩ አንድ አገር ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ ይሰማቸው ነበር። ያ ሁሉ ልጅ የጆሮ መረዳት ትምህርት እየተማረ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ መጽሐፍ ሲከፍት ግን ያንን ችሎታውን የሚጠይቀው አልነበረም።

እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። "በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ውስጡ ወርቅ የሞላው ነጭ ቤት።" ልጁ ፍንጮቹን አንድ ላይ ይዞ ያልተባለውን ነገር ይፈልጋል። ቤት ብሎ ተነስቶ በር ሲያጣ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ወርቁ ቢጫ መሆኑ ይታየዋል፤ እንቁላል! የንባብ ባለሙያዎች ልጆች ካልተጻፈው ላይ እንዲደርሱ ለማሠልጠን ብዙ መልመጃ ያዘጋጃሉ። እኛ ጋ ከእራት በፊት በነጻ ይሠራ ነበር፤ ያልመለሰም አገር ሰጥቶ ይገላገላል። አንደኛ ክፍል ላይ በየጠዋቱ አንድ እንቆቅልሽ ቢኖር፣ ከመልሱ በኋላም "በምን አወቅሽ?" ቢባል፣ መጽሐፍም በጀትም አይጠይቅም።

የሚያውቁት ነገር ሲሆን

በ1988 እ.ኤ.አ. ሬክት እና ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን የሠሩት ጥናት አለ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ነገር አነበቡ። ጨዋታውን የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች ጨዋታውን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች የተሻለ ተረዱ። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዐውድማ አይቶ የማያውቅ የቦሌ ልጅ ስለ ውቂያ ሲያነብ፣ ሊፍት አይቶ የማያውቅ የመንዝ ልጅ ስለ ፎቅ ሲያነብ ሁለቱም ሰነፍ ይመስላሉ። ይህ ማለት ልጅ ከሠፈሩ ውጭ አያንብብ ማለት አይደለም። መጀመሪያ በሚያውቀው ይጀምር፣ የማያውቀው ሲመጣ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይወራለት። ሥዕል ይታይ፣ እቃው ካለ ይምጣ።

ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ነገርማ የባሰ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የፈቀደው አለምክንያት አልነበረም። አማርኛ በቅጡ ለማይሰማ ልጅ በአማርኛ ማንበብ ከላይ ያወራነው የፍርጎውና የቀለጦው ነገር ነው። ለእሱ ከፊደል በፊት ብዙ ወሬ፣ ብዙ ጨዋታ፣ ብዙ ዘፈን ያስፈልገዋል።

ታዲያ ለምን አይሠራም?

መምህራኑ ስለማያውቁ ነው ብሎ መደምደም ግፍ ነው። ከ2012 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የተካሄደው ሪድ ቲኤ የተባለው ፕሮግራም በ7 ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያ እንዲዘጋጅ አግዟል። ከንባብ በፊት፣ በንባብ ጊዜ፣ ከንባብ በኋላ የሚሉትን ክፍሎች የማያውቅ የአንደኛ ክፍል መምህር ዛሬ ብዙ አይመስለኝም። ገንዘቡን ያመጣው ዩኤስኤአይዲ ራሱ በ2025 አጋማሽ ተዘግቷል። በእርዳታ የመጣ ነገር በእርዳታው ልክ ብቻ እንዳይኖር መፍራት ተገቢ ነው።

ዋናው ማነቆ ለእኔ ምዘናው ነው። የአንደኛ ክፍል ፈተና የጎደለ ፊደል አሟሉ፣ ቃል ጽሕፈት፣ አዛምዱ ነው። የሚለካው እሱ ከሆነ የሚሠራውም እሱ ነው። መምህሯ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ድመት ፍለጋ ስታስተውን ምዕራፍ አልጨረሽም ብትባል መልስ የላትም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ልጆቹ ሥዕል በሚሥሉበት ሰዓት መምህሯ በቀን ሦስት ልጅ ትጥራ። አንድ አንቀጽ ያነብባታል፣ መጽሐፉን ትከድናለች፣ "ምን ይላል? ለምን እንደዚያ ሆነ? ከየት አወቅህ?" ትለዋለች። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ። 60 ልጅ ቢኖር በ20 የትምህርት ቀን ሁሉንም አዳረሰች። ካርዱ ላይም ከ95ቱ ጎን "አንብቦ ይተርካል" ወይም "ገና ነው" የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ወላጁ ስለዚያ መስመር መጠየቅ ይጀምራል፤ ወላጅ የጠየቀውን ደግሞ ትምህርት ቤት ያደርጋል።

መጽሐፍ አለመኖሩ እርግጥ ነው። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን የልጆች ንባብ ድርጅት የመሠረቱት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ በኋላም ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሲጀምሩ፣ ልጆቹ ጋሪውን እንዴት ይከቡት እንደነበር በፎቶ ያየ ሰው የልጅ የንባብ ፍላጎት የለም አይልም። እንደዚያ ዓይነት ሥራ በየወረዳው ቢኖር ምን ነበረበት። እስከዚያ ግን ክፍሉ የራሱን መጽሐፍ ይሥራ። ልጆች የተረኩትን መምህሯ በትልቅ ወረቀት ትጽፈዋለች፤ ሥዕሉ የእነሱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ግድግዳ ሙሉ ንባብ ይኖራቸዋል።

ቤት ውስጥስ? ብዙ ወላጆች "እኔ አልተማርኩም፣ ምን አግዛታለሁ" ይላሉ። ማንበብ የማትችል እናት እንዲያውም የተሻለ ቦታ ላይ ናት። መጽሐፉን ተምሮት ያለፈ አባት ልጁ ሲያነብ የሚያዳምጠው ስህተት ለመልቀም ነው፤ "ቀ አይደለም፣ ቃ ነው" እያለ። እናት ግን መጽሐፉ ምን እንደሚል እውነትም አታውቅም። ሽንኩርቷን እየከተፈች "ምን ይላል እሱ? ንገሪኝ እስቲ" ስትል ልጅቷ ለሚያውቅ ሰው እየደገመች አይደለም፤ ለማታውቅ ሰው እየነገረች ነው። ካልገባት መንገር አትችልም። እናትም ግራ ሲገባት "እንዴ፣ ለምን ወረደች ታዲያ ድመቷ?" ትላለች፤ ልጅቷም ገጹን መልሳ ትገልጣለች።